በምን ፊቴ

በር መሳለም ብቻውን ጸሎት ቢሆን ኖሮ፣ ከሚያዝያ 2007 እስከ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድረስ እንደ እኔ የጸለየ ሰው አይገኝም ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በኩል አልፋለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ አማትባለሁ፣ ግንባሬንና ከንፈሬን አስነካለሁ፣ ከዚያ የፒያሳ ታክሲ ልይዝ እሮጣለሁ። ማታ ስመለስም እንደዚያው። የሰፈር ሰው «ይቺ ልጅ ሳትሳለም አታልፍም» ይል ነበር፤ እናቴም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የምሳለመው ላለመግባት ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ግቢውን አልረገጥኩም።

ለምን እንዳልገባሁ ለመናገር መጸለይ ካስተማረችኝ ሰው መጀመር አለብኝ።

ልጆች ሳለን ክረምት መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን አካባቢ ወደምትኖረው አያታችን እንላክ ነበር። እምዬ እንላታለን። ማንበብ አትችልም። ግን አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ ታውቃለች፤ ውዳሴ ማርያምንም የየዕለቱን ለይታ በቃሏ ይዛዋለች፤ ሰኞ የሰኞን፣ ማክሰኞ የማክሰኞን። «እምዬ፣ ግእዙ ይገባሻል?» ስላት «እሱ ይገባዋል» ትለኛለች። ዶሮ ሳይጮህ ትነሳለች። በዚያ ብርድ ባዶ እግሯን ሰሌን ላይ ትቆማለች፣ ነጠላዋን ታመሳቅላለች፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ ታዞራለች። እኔና ወንድሜ ከአንድ ጋቢ ሥር ሆነን እናያታለን።

በቃሏ የያዘችውን ከጨረሰች በኋላ የራሷን ልመና ትጀምራለች፤ እሱ በአማርኛ ነው። እሱንም ቢሆን ከራሷ አትጀምርም። በምጥ ያለችውን ታስቀድማለች። ቀጥሎ በመንገድ ያለውን፣ የታሰረውን፣ የታመመውን፣ ዝናብ የራቀውን አገር። ከዚያ ጎረቤቶቿን በየስማቸው ትጠራለች፤ ወሰን የሚገፋባትን ሰውዬ ጭምር። ወንድሜ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «እኛ ጋ መቼ ነው የምትደርሰው?» ይለኛል። በመጨረሻ ላይ እኛ ጋ ትደርሳለች። ከእኛም በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔንም አትርሳኝ» ትልና ትሰግዳለች።

አንድ ቀን የገረመኝን ጠየቅኳት። አያታችንን፣ ባሏን፣ ሃምሳ ዓመት አብራው ኖራ «እርሶ» ነው የምትለው። «እምዬ፣ አባባን እርሶ እያልሽ እግዚአብሔርን ለምን አንተ ትይዋለሽ?» አልኳት። ሳቀች። «ሰውን በእርሶ እንሸነግለዋለን። እሱን በምን ትሸነግይዋለሽ?»

መልሱ ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ በሌላ ቤት፣ በሌላ ዘመን፣ የምሸነግልበት ሁሉ ሲያልቅብኝ ነው።

ወንድሜ ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ አጣ። በ2007 ጥቅምት ላይ ለእናታችን «መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ልሄድ ነው፤ ቶሎ እመለሳለሁ» አላት። ለእኔ እውነቱን ነገረኝ፦ ከመተማ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕር። በዚያው ሳምንት እቁብ ወጥቶልኝ ነበር፤ 40,000 ብር። «ብትሰጪኝም ባትሰጪኝም መሄዴ አይቀርም። ከሰጠሽኝ ግን በደህና ደላላ እሄዳለሁ» አለኝ። ደህና ደላላ የሚባል ነገር እንደሌለ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት ለራሴ ብዙ መልስ ደርድሬአለሁ፤ ወንድሜ ነው፣ ተስፋ ቆርጧል፣ ሌላ ሰው ቢያበድረው በወለድ ነው። ከመልሶቹ ሁሉ ሥር ግን አንድ ሌላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ አፍጦ ተኝቶ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ይሂድልኝ ብዬ ነበር።

ጥር ላይ ከካርቱም ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። «ነገ ሌሊት እንነሳለን» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። እናቴ ሊቢያ እንደሚሄድ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ባገኘችኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። «ገንዘቡን ከየት አመጣው?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ» እላታለሁ።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ዳግማይ ትንሣኤ። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የቀረጸውን ቪዲዮ የለቀቀው በዚያ ዕለት ነው። ያን ሰሞን የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተጥሎ ሰው ከየአቅጣጫው ለልቅሶ ጎረፈ።

ቪዲዮውን አላየሁም ብል ውሸት ነው። ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ በስልኬ አየሁት። እያቆምኩ፣ እያጎላሁ፣ ፊት በፊት ፈለግኩት። አንዱን አልፌ ሌላውን። በአንገቱ ነው፣ በጆሮው ነው የማውቀው ብዬ አየሁ። ወንድሜ የለም። ደግሜ አየሁ። የለም።

«ተመስገን» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ያቺን ቃል አፌ አወጣት፣ ጆሮዬ ሰማት። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የአንድ ልጅ ፊት ቆሟል፤ ወንድሜ ስላልሆነ አልፌው የሄድኩት ፊት። እኔ በሌላ እናት ልጅ አመሰገንኩ። ቂርቆስ ልቅሶ ለመድረስ እናቴ ነጠላዋን ስታዘገዝግ «አሞኛል» ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ለጸሎት ስቆም ያቺ ተመስገን ትቀድመኛለች። ማታ ማታ አቡነ ዘበሰማያትን እጀምርና ስለ በደል ይቅርታ የሚለው ጋ ስደርስ እንደ ቁልፍ የጎደለው በር ቀጥ ይላል። በአማርኛ ልለምን ስል ደግሞ «በምን ፊቴ?» የሚል ነገር ይመጣብኛል። ሰው አስቀይመሽ ቤቱ መሄድ ሲያቅትሽ የሚባለው ዓይነት። በምን ፊቴ ወንድሜን መልስልኝ እለዋለሁ? የሸኘሁት እኔ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጴንጤ ናት። ነገሩን ሙሉ ባታውቀውም ወንድሜ እንደጠፋ ታውቃለች። በሻይ ሰዓት ከመደርደሪያው ጀርባ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ሰምቻታለሁ፤ አጠገቧ ያለ ሰው ይመስል ታወራዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ቀናሁባት። «ለምን ታወሳስቢዋለሽ? ዝም ብለሽ ንገሪው፤ ያለሽን» አለችኝ።

ሞከርኩት። ምን ላድርግ፣ ሙያዬ መጣብኝ። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ማመልከቻ መቀበል ነው። ሌሊት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ «ጉዳዩ፦ የጠፋውን ወንድሜን ይመለከታል» ብዬ እንደመጀመር አልኩ። ቀጥዬ ሁኔታውን አስረዳሁ። የእናቴን ዕድሜና የደም ግፊቷን ጠቀስኩ። ልመናዬን አቀረብኩ። «ከሠላምታ ጋር» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ማመልከቻው ውስጥ 40,000ው ብር የለም። ያቺ ተመስገንም የለችም። ቢሮ ውስጥ አባሪ የጎደለው ደብዳቤ ሲመጣ «አሟልተው ይምጡ» ብዬ የምመልሰው እኔው ራሴ ነኝ። ያን ሌሊት ራሴን መለስኩ።

ስለዚህ በሩን መሳም ብቻ ቀረኝ። ራሴን በወንጌሉ ቀራጭ አጽናና ነበር፤ ርቆ ቆመ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሳት አልፈለገም፣ ግን እሱ ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔም ርቄ ቆሜአለሁ እላለሁ። ትሕትና ይመስል ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ሕማማት ገባ። ሰኞ ሚያዝያ 17 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት እንደ ልማዴ በሩ ጋ ደርሼ ጎንበስ ስል አንዲት መነኩሲት ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው «ልጄ፣ በሕማማት መሳለም የለም እኮ» አሉኝ።

እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። በዚያ ሳምንት መስቀል አይሳለሙም፣ ሰው ለሰላምታ አይሳሳምም፤ ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ለእኔ ተለይቶ የተነገረ መሰለኝ። ስሞ መሄድ። እኔ ዓመት ሙሉ ሌላ ምን ሠራሁ?

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማሆይ?» አልኳቸው። ጥያቄው ከአፌ የወጣው ከጠበቅኩት በላይ ከፍ ብሎ ነው።

እማሆይ የጠየቅኳቸው ትንሽ ነገር ይመስል፣ «ግቢና ስገጂ» አሉኝ።

ያን ቀን አልገባሁም። ማክሰኞም አልገባሁም። የገባሁት ለስቅለት ነው፤ ዓርብ፣ ሥራ ዝግ ነው፣ ማመካኛ የለም። ስደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር። ጫማዬን አውልቄ አንድ ዛፍ ሥር ቦታ አገኘሁ። በግራዬ የሲሚንቶ አቧራ ከጥፍሩ ያልለቀቀ ወጣት፣ በቀኜ አንዲት ጉልበታቸው የከዳቸው አሮጊት፤ እሳቸው ግማሽ መንገድ ጎንበስ ብለው ይመለሳሉ።

ስግደትን ከሩቅ ለሚያየው ስፖርት ይመስላል። የሚሰግድ ሰው ግን የሚያውቀው ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ታስቢያለሽ፤ ጉልበቴ፣ ነጠላዬ ቆሸሸ፣ ማን አየኝ። ሠላሳውን ካለፍኩ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር መሥራት አቃተኝ። ማመልከቻ የምታዘጋጀዋ ሴት ደከማትና ዝም አለች። የቀረው «እግዚኦ» የሚለው የሕዝቡ ድምፅ ነበር፤ የእኔ የቱ ጋ እንደሚጀምር እንኳ አይለይም።

ግንባሬ መሬት ላይ ሳለ፣ አፈሩ አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ፣ አንድ ነገር ገባኝ። በምን ፊቴ እያልኩ ዓመት ቆየሁ፤ እዚህ ግን ፊት ይዘሽ ነይ ያለኝ የለም። ፊትሽን መሬት ላይ አኑሪው ነው የተባልኩት። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን መሬት ላይ አኑሯል፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው ልጅም፣ አሮጊቷም፣ ካህናቱም። እምዬ ለመጸለይ ፊቷ እስኪጠራ ጠብቃ አታውቅም። ያ ቀራጭም ቢሆን ርቆ የቆመው ግቢ ውስጥ ገብቶ ነው። አፉንም ከፍቶ ኃጢአተኛ መሆኑን ተናግሯል። እኔ ከእሱ የወሰድኩት መራቁን ብቻ ነበር።

ያኔ የእምዬ ዝርዝር መጣልኝ። ሳልፈልገው ነው የመጣው። በምጥ ያለችው፣ በመንገድ ያለው፣ የታሰረው፣ የታመመው። ጎረቤቶቻችን። ከዚያ፣ ዓመት ሙሉ ስሸሻቸው የነበሩት፣ እነዚያ እናቶች። ቪዲዮው ላይ አልፌው የሄድኩት ልጅ ፊትም መጣ። ስሙን አላውቀውም። ጸጥ ብዬ ለእሱ ሰገድኩ። ወንድሜ ከእሱ በኋላ መጣ።

ወደ ማታ፣ በአራቱም ማዕዘን ተሰግዶ ካበቃ በኋላ፣ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ። ሰው ተራ በተራ እየቀረበ ያለበትን ይናገራል፤ ጀርባው በወይራው ቸብ ቸብ ይደረግና የሚሰግደው ቁጥር ይነገረዋል። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ። የደረሱኝ ቄስ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ድምፃቸው ጠፍቷል።

«ምን አለብሽ፣ ልጄ?»

በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩት። ወንድሜ በእኔ ገንዘብ ሄዶ ጠፋ። የሰው ልጅ ሲሞት ተመስገን አልኩ። ሌላ ማብራሪያ አልነበረኝም፤ ዓመት ሙሉ የደረደርኳቸው መልሶች አንዳቸውም አልመጡልኝ።

አባ ወይራውን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉ። «እናትሽ ታውቃለች?»

«ስለ ገንዘቡ? አታውቅም።»

«አርባ አንድ ስገጂ። ለእነዚያ ልጆች እናቶች ስገጂላቸው» አሉኝ። ጀርባዬን ሦስት ጊዜ በቅጠሉ ነኩኝ። ዞር ስል ደግሞ ጠሩኝ። «ስግደቱን እዚህ ጨርሺው። እውነቱን ግን እዚህ ትተሽው እንዳትሄጂ። ወደ ቤትሽ ይዘሽው ግቢ።»

ቤት ስደርስ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። እሷም ስትሰግድ ነው የዋለችው፤ በዚያ ላይ አክፍላለች፣ እስከ ትንሣኤ እህል አትቀምስም። ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ምኑን?»

«ገንዘቡን።»

እግሯን ማሸት አላቆመችም። «ስንት?» አለች።

«40,000።»

«የእቁቡን?»

«አዎ።»

«እቁቡ ገና ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።» ይህንን ብቻ አለች። ተነስታ መብራቱን አጠፋች።

ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እቅፍ ይጠብቃል፤ እኔም ሳልጠብቅ አልቀረሁም። እናቴ ቅዳሜ ሙሉ ቀን አላናገረችኝም። ፋሲካን አብረን ገደፍን፤ ጎረቤት ስለነበረ ዶሮ ወጡን አቀረበችልኝ፣ ዓይኔን ግን አላየችውም። ሰኞ፣ ማክሰኞ እንደዚያው። ማታ ማታ ግን ትጸልያለች፤ የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ አልጋዋ ከእኔ አልጋ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ጸሎቷን የወረሰችው ከእምዬ ነው፤ ዝርዝሩ ያው ነው። ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ያለው ቃልም አይለወጥም፦ «ልጄን ከሄደበት መልስልኝ።» ከዓመት በላይ ሌሊት ሌሊት ሰምቼዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር ግድግዳው ላይ ፊቴን አዞራለሁ።

ዳግማይ ትንሣኤ ሌሊት፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ልክ በዓመቱ፣ ነቅቼ ነበር። በምጥ ያለችውን ለመነች። የታሰረውን፣ የታመመውን። የቂርቆስ እናቶችን ጠራች፤ ለካ እሷ ዓመት ሙሉ ስትጠራቸው ነበር፣ ፊቴን ሳዞር ነው ያለፈኝ። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ። ከዚያ ቆም አለች፤ ረጅም ጊዜ።

«ልጆቼን ከሄዱበት መልስልኝ» አለች።

ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ወንድሜ ጆሮዬ ሥር ሆኖ «ደረሰች» ሲል የሰማሁ መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ ቡናው ተፈልቷል። «ተነሺ፣ ይረፍድብሻል» አለችኝ፤ ከስምንት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቃሏ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ወንድሜ አልደወለም። ዘመዶች ቁርጥሽን እወቂ፣ ልቅሶ እንቀመጥ፣ ተዝካሩን እናውጣ እያሉ እናቴን ብዙ ጎትጉተዋታል። እሺም እንቢም አላለችም። «ከሄደበት» የሚለው ቃሏ በሕይወት ላለውም ለሞተውም ይሆናል፤ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው ትላለች።

እኔ አሁን እገባለሁ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ስንፍናዬ አለ፣ ሥራ አለ፣ ልቤ የሚደነድንባቸው ሳምንታት አሉ። መዝገብ ቤትም ደንቡ ደንብ ነው፤ ያልተሟላ ማመልከቻ ዛሬም አልቀበልም። ግን ባለጉዳዩን ቁጭ በሉ እለዋለሁ፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።

ለጸሎት ስቆም የምጀምረው በምጥ ካለችው ነው። ስማቸውን ከማላውቃቸው ጋ እቆያለሁ፤ ከዚያ ያ ልጅ፣ ቆም አድርጌ ያለፍኩት ፊት። ከዚያ እናቴ። ከዚያ ወንድሜ፣ ከሄደበት። የራሴ ተራ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የምለው አይኖረኝም። እሰግዳለሁ።